አረንጓዴ ስሙዚ ቤት ስሠራ ይመርራል፣ ቀለሙም ይበላሻል፤ ምን ላድርግ?

ሜሮን_ገርጂ
እሑድ፣ ምሽት 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ተመርምራ ስኳሯ ድንበር ላይ መሆኑ ተነገራት። መድኃኒት አልተጀመረላትም። ቅጠላ ቅጠል አብዢ፣ ጣፋጭ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ብለው ሸኟት። ችግሩ ጥርሷን ያማታል። ሰላጣም ሆነ ሌላ ጥሬ ነገር ማኘክ አትችልም። ቁርሷ ሁልጊዜ ሻይ በዳቦ ነው፤ ሌላው አይዋጥላትም። ስለዚህ አረንጓዴ ስሙዚ ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱም አልሆነልኝም።

መጀመሪያ አራት ቅጠል የሐበሻ ጎመን ጥሬውን ከብርቱካን ጋር ፈጨሁት። ማርም ጨመርኩበት። ምላስ የሚለበልብ መራራ ሆነ። ሁለተኛው ቆስጣ ከነግንዱ፣ ማንጎና እንጆሪ ነበር። ቀለሙ የደፈረሰ ወንዝ መሰለ፤ ክር ክሩ ደግሞ ጉሮሮ ይይዛል። ሦስተኛው ላይ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ትንሽ ሰላጣና ወተት አደረግኩ። ጠዋት ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩላት። ማታ ስንቀምሰው መርሯል። እናቴ «ተይው ልጄ፣ እኔ ሻዬን ልጠጣ» አለችኝ። በጣም አዘንኩ።

ብሌንደሬ ተራ ነው፤ ትልቅ ጉልበት የለውም። የትኛው ቅጠል ይሻላል? ጥሬውን ነው ወይስ ተቀቅሎ? ያለ ስኳር እንዴት ይጣፍጣል? ማታ ሠርቶ ማሳደርስ ይቻላል?


ጁስ_ቤት_ያደግኩ
እሑድ፣ ምሽት 2:25

እህቴ ሜሮን፣ አይዞሽ። ጁስ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የገጠመሽ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ መፍትሔም አለው።

ከጎመኑ ልጀምር። የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር የሚገኘው ከእሱ ነው። ቅጠሉ ካልተነካ አይለበልብም። ሲቆረጥና ሲፈጭ ግን ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ውስጡ ይገናኙና ያ የሚያቃጥል ጣዕም ይፈጠራል። ብሌንደር ደግሞ ከቢላ የበለጠ ያደቅቀዋል። ሙቀት ግን ይህን ያስቆመዋል። ቅጠሉን ሳትቆርጪ ከነሙሉነቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አውጪውና ከዚያ ፍጪው። ልዩነቱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ቀላል ነው። አረንጓዴና ቀይ ሲቀላቀል ቡኒ ይወጣል። እንጆሪም ቀይ ሥርም ከቅጠል ጋር ቢጠጡ ጉዳት የላቸውም፤ ግን ዓይን ካልወደደው አፍ አይቀበለውም። በተለይ አዲስ ለሚጀምር ሰው። ክር ክሩ የመጣው ከግንዱ ነው። ነጩን ግንድ አውጥተሽ ለወጥ አድርጊው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ፓፓያ ውስጥ ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። ወተት ውስጥ ሲገባ የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብርና መራራ ያደርገዋል። ወዲያው ከተጠጣ አይታወቅም። ከቆየ ግን አይጠጣም። ትኩስ አናናስም እንደዚያው ነው። እርጎ ወይም ወተት ማድረግ ካማረሽ ከሙዝ፣ ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ጋር አድርጊው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛ ጁስ ቤት የአቮካዶ ጁስ የምንለው በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር እኮ ራሱ ስሙዚ ነው። አልተጠለለም፣ አልተጨመቀም፤ ፍሬው እንዳለ ነው። ያበላሸው ስኳሩ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ለአንድ ብርጭቆ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር እንጨምር ነበር። ከላዩ ቪምቶ የሚያስደርግም ብዙ ነው። ያን ስኳር አንሥተሽ በቦታው አንድ እፍኝ ቅጠል ብታስገቢ የምትፈልጊውን አገኘሽ።

ለሁለት ብርጭቆ የምሠራው ይህ ነው። ግማሽ የበሰለ አቮካዶ። አንድ ትንሽ ሙዝ፣ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ። ግንዱ የወጣለት ቆስጣ አንድ እፍኝ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል። አንድ ብርጭቆ ተኩል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ስኳርም ማርም የለውም።

ተራ ብሌንደር ላላት ሰው ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ውሃውን፣ ቅጠሉንና ዝንጅብሉን ብቻ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፍጪ። ውሃው ራሱ አረንጓዴ እስኪሆን። አጥፊና ሞተሩን አሳርፊው። ቀጥሎ ሙዝና ሎሚ። አቮካዶ የመጨረሻው ነው፤ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። አቮካዶን መጀመሪያ ካስገባሽ ወፍሮ ምላጩን ይይዘዋል፣ ቅጠሉም ሳይፈጭ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል። ብዙ ሰው ብሌንደሬ አይረባም የሚለው በዚህ ነው።


ሐበሻዊት_ሜሪላንድ
እሑድ፣ ምሽት 5:10

ሰላም ሜሮን። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ቁርሴ ይኼው ነው።

ለጀማሪ ስፒናች የመሰለ የለም። ጣዕሙ የለሰለሰ ነው፤ ሙዝ ውስጥ ይጠፋል። እዚህ ታጥቦ በፌስታል የመጣ ለጋ ስፒናች አለ፣ የበረደም አለ። ጎመን ስንሠራ የምንጠቀምበት ኮላርድ ግሪን ግን ለስሙዚ ይከብዳል። እኔም መጀመሪያ በእሱ ጀምሬ ተውኩት።

ማሳደርን በተመለከተ፣ የተፈጨውን አላሳድርም። በማግስቱ ሲያዩት ቀለሙ ወይቧል፣ ውሃው ለብቻው ተለይቷል። አቮካዶና ሙዝ አየር ሲነካቸው ይጠቁራሉ፤ ሎሚው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔ የማደርገው እሑድ እሑድ ሳይፈጭ ማዘጋጀት ነው። የተቆራረጠ ሙዝ፣ አቮካዶ ሎሚ ተቀብቶ፣ ስፒናች፣ ዝንጅብል። አምስት ትናንሽ ፌስታል አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ። ከሥራ ስገባ አንዱን አውጥቼ ውሃ ጨምሬ መፍጨት ብቻ ነው። የበረደ ሙዝ ደግሞ ያለ ወተት ክሬም ክሬም ያደርገዋል።


ነርሷ_ከጎተራ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ሜሮን፣ ከጣዕሙ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቅጠሉ ንጹሕ ነው ወይ?

አዲስ አበባ ገበያ ላይ ከሚመጣው ቆስጣና ሰላጣ የተወሰነው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ መስኖ የሚለማ ነው። ወንዙ ውስጥ የከተማው ፍሳሽ ይገባል። እኔ ክሊኒክ ስሠራ አሜባና ጃርዲያ የማላይበት ሳምንት የለም። በአቼቶ መዘፍዘፍ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋም። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ቅጠሏን ጥሬውን ብትጠቀም አልፈርድም፤ የምትገዛው ሌላ ነው። እኔ ቤት ግን ጥሬ ቅጠል ብሌንደር ውስጥ አይገባም።

ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚወርድ ውሃ አጥባለሁ። ግንዱን አወጣለሁ። በኃይል በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሦስት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሽ ይቆይ። ከዚያ ወዲያው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ቀለሙ ሳይወይብ ይቀራል። ጨምቄ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓድ ጉድጓድ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ፍሪዘር ውስጥ አኖረዋለሁ። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ፍሬ ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሼ አላበርደውም፤ የዚያን ቀን ወጥ አደርገዋለሁ።

የቀቀልኩበትን ውሃ እደፋለሁ። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት አላቸው። የኩላሊት ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው ጥሩ አይደለም። ሲቀቀል ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል። በዚህ በኩል ጎመን ይሻላል፤ ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው።

ሲቀቀል ቫይታሚን ሲ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ለዚያ ዘይቱን አለልሽ፤ ጓቫ የሚሉትም አሉ። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበልም ይረዳል። ስለዚህ እናትሽ ስሙዚውን ጠጥተው ሻዩን ወዲያው አያስከትሉ፤ ሻይ ብረቱን ይይዘዋል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ።

ስኳሩን በሚመለከት ግልጽ ልሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው 25 ግራም ገደማ ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ። ማርና የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ጁስ ቤት ያደገው ወንድማችን የነገረን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ብቻውን ከ35 ግራም ያልፋል። የአንቺ ብርቱካን በማርም ሰላም የሚሰጥ አልነበረም።

ለእናትሽ ሙዙን ግማሽ አድርጊው። መጠኑ አንድ ብርጭቆ ብቻ ይሁን። ደግሞም በሻይና በዳቦው ላይ ተጨማሪ ሳይሆን የዳቦው ምትክ ይሁን። ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል።


ጣና_ዳር
ሰኞ፣ ጠዋት 3:50

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ በቅን ልብ ነው የምለው።

ፍሬውን ለምን አንበላውም? ሙዝ ልጠህ ትበላለህ። አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ አድርገህ ከዳቦ ጋር ትበላለህ። ጎመን በእንጀራ ከየትኛው ስሙዚ ያንሳል? እናቶቻችን ብሌንደር ሳይኖራቸው ቅጠል ጠፍቶባቸው አያውቅም። በዚያ ላይ ሰው ሲያኝክ ጥጋቡ ይታወቀዋል። ሁለት ሙዝና አንድ አቮካዶ ቁጭ ብሎ ለመብላት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በብርጭቆ ሲሆን በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ከዚያም ምሳ ይከተላል። እኔ ስሙዚ በመጠጣት ስድስት ወር ውስጥ ክብደት የጨመረ ጓደኛ አለኝ። ጤና ነው ብሎ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የሚጠጣው።


ነርሷ_ከጎተራ
ሰኞ፣ ቀን 7:05

ወንድሜ፣ ከተናገርከው አብዛኛው ትክክል ነው። ማኘክ ለሚችል ሰው እኔም መጀመሪያ የምመክረው ወጡንና ፍሬውን ነው። የላይኛው አሠራር በሁለት ብርጭቆ ከ200 እስከ 260 ካሎሪ አለው። በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በላይ ከጨመሩበት ክብደት ማምጣቱ አይቀርም። የሜሮን እናት ግን ማኘክ አይችሉም። ለእሳቸው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሜሮን፣ እግረ መንገዴን፣ ጥርሳቸውን አሳክሚያቸው። ስኳር ድንበር ላይ ያለ ሰው የድድ ሕመም ሲኖረው ሁለቱ እየተጋገዙ ያስቸግራሉ። እሱን ሳትይዢ ስሙዚው ብቻውን ሩቅ አይወስድሽም።


ሳሚ_ሃያት
ሰኞ፣ ምሽት 12:30

እህታችን ነርሷ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል። ይህን ውይይት አንብቤ ቆስጣ ገዝቼ ገባሁ። ነገ ጠዋት ልጀምርለት ነው። የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ?


ነርሷ_ከጎተራ
ሰኞ፣ ምሽት 12:48

ሳሚ፣ ነገ አትጀምር። እባክህ።

ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ይህንኑ በመቀነስ ነው። ለአዋቂ ወንድ በቀን 120 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይበቃል። 100 ግራም ጥሬ ስፒናች ከ400 በላይ አለው፤ ቆስጣም ከዚያ አያንስም። የመድኃኒቱ መጠን የተለካው አባትህ እስካሁን በሚበሉት ምግብ ነው። በድንገት በየቀኑ አረንጓዴ ቢጠጡ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ቫልቩም ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ጀምረው ቢያቆሙም ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል፤ ደም ይቀጥናል።

ቅጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው ማለቴ አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እኩል መሆን አለበት። ለሐኪማቸው ነግረው፣ የደም ምርመራውን አቅርበው አሠርተው ይጀምሩ።

የኩላሊት በሽተኛ ያላችሁም እንዲሁ ጠይቁ። አቮካዶና ሙዝ ፖታሲየማቸው ብዙ ነው። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለልብ አደገኛ ነው።


ሳሚ_ሃያት
ሰኞ፣ ምሽት 1:02

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆስጣውን እኛ ልጆቹ እንበላዋለን። ረቡዕ ቀጠሮ አለው፤ አብሬው ገብቼ እጠይቃለሁ።


አያት_ከደብረ_ብርሃን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እየነገርኳት ነው።

ይህ ስሙዚ የምትሉት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጾም ተልባ በጥብጠን፣ ሱፍ አጥልለን ስንጠጣ ነው የኖርነው። ሜሮን ልጄ፣ ለእናትሽ ተልባ ጨምሪላት። ተልባውን ጠጠሩን ለቅመሽ፣ በለስላሳ እሳት እያማሰልሽ ቁዪው። እንዳያርርብሽ። መንጠጥ መንጠጥ ሲል አውጪው። ሲቀዘቅዝ ፈጭተሽ ንፊው። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ውሃ ላይ በትነሽ አሥር ደቂቃ ብትተዪው ይወፍርልሻል፤ ያኔ ሙዙን ብታሳንሺም አይቀጥንብሽም። ሆድ ለሚደርቅበት ሰው ፍቱን ነው። ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ ትጠጣ፤ ተልባ ያለ ውሃ ሆድ ይይዛል።

አንድ ጊዜ ብዙ አትፍጪ። የተፈጨ ተልባ ቶሎ ሽታው ይለወጣል። የሳምንቱን ብቻ ፈጭተሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ብርድ ቦታ አስቀምጪ።

ለጾመኞችም ልንገር። ወተት ሲከለከል ሱፉን ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አጥልሎ ያን ነጩን ማድረግ ነው። ወተት አያስመኝም። ልጅ እያለሁ እናቴ በዐቢይ ጾም ለሕመምተኛ የምትሠራው እሱን ነበር።


ሜሮን_ገርጂ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:40

እማማ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ተልባው ቤት አለ። ዛሬውኑ እቆላዋለሁ።


ከሪያድ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ምሽት 3:15

ሰላም እህቶቼ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በጋ ላይ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ምግብ የሚባል አይታሰብም። አቮካዶም ውድ ስለሆነ ለራሴ አልገዛም። የለመድኩትን ላካፍላችሁ።

አንድ ኪያር ከነልጣጩ። ግማሽ አረንጓዴ ፖም። ስድስት ሰባት ቅጠል ናና። የአንድ ሎሚ ጭማቂ። አንድ ፍሬውን ያወጣሁለት ቴምር፣ ሞቅ ባለ ውሃ የራሰ። እዚህ ጀርጂር የሚባል ቅጠል በየሱቁ አለ፤ ከአምስት ቅጠል በላይ አላደርግም፣ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። በረዶ ጨምሬ እፈጨዋለሁ። ቀለል ያለ ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሸኘሁ በኋላ ብቻዬን ኩሽና ቁጭ ብዬ የምጠጣው እሱን ነው። የቀኑ ጥሩዋ ሩብ ሰዓቴ ናት።

ለስኳር ታማሚ ቴምሩን አስቀሩት። ፖሙ ይበቃዋል።


የኮንሶ_ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

ሽፈራውን ማንም ሳያነሳው ይህ ሁሉ ሲጻፍ አላስችል አለኝ።

ሞሪንጋ የሚሉት ዛፍ ማለቴ ነው። እኛ ጋ በየግቢው አለ። ቅጠሉን ቀቅለን ከኩርኩፋ ጋር ነው የምንበላው፤ ያ የማሽላና የበቆሎ ድብልብል ማለት ነው። ኮንሶ ሲባል ሰው እርከኑን ያስባል። እርከኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በእርከኑ ላይ የቆመውን ይህን ዛፍ ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ያደግነው በእሱ ነው። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ቅጠል አለው።

ለስሙዚ የደረቀው ዱቄት ይመቻል። ስትገዙ ቀለሙን እዩ። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ጥላ ውስጥ የደረቀ ነው። ወደ ቡኒ ካደላ ፀሐይ መቶታል፤ ተዉት። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ሽታው ሣር ሣር ይላል፤ ማንጎና ሎሚ ያስተካክሉታል። የአርባ ምንጭ ማንጎ ከሆነ ደግሞ ሌላ አትፈልጉም። ነፍሰ ጡሮችና የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ በየቀኑ አይጠጡት።


በረንዳ_ገበሬ
ረቡዕ፣ ምሽት 2:10

ነርሷ ስለ አቃቂ ያለችው ነገር እኔንም ከሁለት ዓመት በፊት አስጨንቆኝ ነበር። ጀርሙን በመቀቀል ትገድለዋለህ። ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ብረታ ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም አይለቅም። ስለዚህ ቆስጣ ራሴ መትከል ጀመርኩ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ያለኝ በረንዳ ብቻ ነው።

የ50 ኪሎ ጆንያ አፉን ወደ ውጭ አጥፌ ግማሽ ድረስ ሞላሁት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ። ከታች በሚስማር ቀዳዳ ቀዳዳ አደረግኩለት። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሬ በማግስቱ ጣት ጫፍ በምታህል ጥልቀት ቀበርኩት። በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። በሁለት ወር ገደማ ለመቆረጥ ይደርሳል። ከዳር ከዳር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ነው የምቆርጠው፤ መሐሉን ከነካሁት ማደጉን ያቆማል። በዚህ አያያዝ ከአንድ ጆንያ ወራት እቆርጣለሁ። የማጠጣው እኛ የምንጠጣውን የቧንቧ ውሃ ነው።

ገርጂ ከሆንሽ ሜሮን፣ ዘር ከፈለግሽ እሰጥሻለሁ።


ሜሮን_ገርጂ
ሰኞ፣ ምሽት 1:20

ሁለት ሳምንት ገደማ ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው። አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

ቆስጣውን በነርሷ አባባል ሦስት ደቂቃ ቀቅዬ በበረዶ መሥሪያው አስቀመጥኩ። ጠዋት መጀመሪያ ውሃና ቅጠሉን ብቻ ፈጨሁ። አንድ ደቂቃ ቆጥሬ። ከዚያ ግማሽ ሙዝ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል። ዘይቱን ለብቻው በትንሽ ውሃ ፈጭቼ ዘሩን አጠለልኩና ጨመርኩት። መጨረሻ ላይ ግማሽ አቮካዶ። የተቆላ ተልባ አንድ ማንኪያ ቀድሜ አርሼው ነበር።

የወጣው ቀለም እውነተኛ አረንጓዴ ነው! ለእናቴ ሰጠኋት። ቀመሰችና ብርጭቆውን አይታ «ይህ የአቮካዶ ጁስ ነው እኮ፣ ቅጠሉ የታለ?» አለች። ደስታዬን መናገር አልችልም።

በሁለተኛው ቀን ግን ግማሹን ተወችው። ጠየቅኳት፤ ዝም አለች። በኋላ ስትጠጣ ፊቷን ሳይ ገባኝ። ቅዝቃዜው ጥርሷን እየጠዘጠዛት ነው። ለእኔ ስትል ነው ችላ የጠጣችው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን ማታውኑ ከፍሪዘር አውጥቼ ፍሪጁ ውስጥ እንዲቀልጥ አድርጌ አሳድራለሁ፣ ውሃውንም ለብ ያለ አደርገዋለሁ። አሁን አንድም ጠብታ አትተውም። ስለ ቀዝቃዛ ብቻ ስለሚወራ፣ ለብ ብሎ እንደሚጠጣ ማንም አልነገረኝም ነበር። ጥርሱ የሚያመው ሰው ያላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ብርጭቆ የእኔ ነው። እኔም ቁርስ ሳልበላ ቢሮ መግባት ተውኩ።

ሐሙስ የጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። የስኳር ምርመራውን ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ ተብለናል። ጣና ዳር ያለኸው ወንድሜ፣ ጥርሷ ሲድን ጎመኑን በእንጀራ እንደምትበላልህ ቃል ገብታለች። ብዙ ምስጋና ይድረስህ ብላለች።

በረንዳ ገበሬ፣ ስለ ዘሩ አመሰግናለሁ። በሰጠኸኝ ማግስት ዘራሁት። ዛሬ ብቅ ብሏል። ግን አንድ ዘር በቀበርኩበት ቦታ ሦስት ቡቃያ ወጣ። ተሳስቼ ነው ወይስ ያለ ነው?


በረንዳ_ገበሬ
ሰኞ፣ ምሽት 1:55

ያለ ነው። የቆስጣ ዘር አንድ ፍሬ መስሎ ይታያል እንጂ ውስጡ ሁለት ሦስት ዘር ተጣብቆ ነው። አራት ቅጠል እስኪያወጡ ጠብቂ። ከዚያ ጠንካራውን ተዪና ሌሎቹን በመቀስ ከሥራቸው ቁረጪያቸው። አትንቀያቸው፤ ሥራቸው የተጠላለፈ ስለሆነ የምትተዪውም ይናጋል። የቆረጥሽውን አትጣዪው። ለጋ ነው፤ የእናትሽ የመጀመሪያ እፍኝ ይሁን።